የካስፐር መጋዝና የኔስታ ወለል

ካስፐር ጀልባው በተገለበጠ ቀን የሞተር መጋዙን አቅፎ ሚስቱን ኔስታን ለባሕር ሰጣት ይባላል። በሱላቫ መንደር ይህን ወሬ ያልሰማ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱም ቢሆን እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ አክስት ሂልዳ ነግራው ሊሆን ይችላል። አክስት ሂልዳ የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። በብዛት የምትሰበስበውም ወሬ ነው። እሷ ስታወራው ማዕበሉ የኮኮናት ዛፍ ያክላል፤ ኔስታ ጠልቃ ትወጣለች፣ ወጥታ ትጠልቃለች፤ ካስፐር ደግሞ በተገለበጠው ጀልባ ጀርባ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጦ መጋዙን በሸሚዙ ይወለውላል።

"'ካስፐር፣ እጅህን ስጠኝ!' አለችው እኮ ምስኪን! 'እጄ ተይዟል' አይላት መሰላችሁ?" ትልና ጭኗን ትመታለች።

ነገሩ የሆነው እንዲህ አይደለም። ማዕበል የሚባል አልነበረም። ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጀልባዋ ጎኗን ተመታችና ተንከባለለች፣ አለቀ። ካስፐር የተራራ ሰው ስለሆነ ዋና አይሆንለትም፤ የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይ እያለ ነበር። መጋዙን ከውሃው በላይ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ በሌላው እጇ እየቀዘፈች ጥልቀት የሌለው ቦታ ድረስ ያደረሰችው ኔስታ ናት። ባሏን ለመውሰድ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የተተወ ሰው ካለ እሱ ነው። ራሷን ጠይቄያታለሁ።

"ብትሰምጪስ ኖሮ?" ብላት፣

"እኔ ብሰምጥ ሂልዳ ታለቅስልኛለች። መጋዙ ጨው ውሃ ጠጥቶ ቢሞት ግን ወለሌን ማን ይሠራልኛል?" አለችኝ።

የወለሉ ነገር ይህን ያህል ደርሶ ነበር።

ካስፐር ከደሴታችን ከኢዛቤል ማዶ ወገን መጥቶ ያገባ ሰው ነው። እኛ ጋ መሬት በሴት በኩል ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ የሚኖርበት ግቢ የኔስታ ዘመዶች ነው፣ የሚቆርጠው ዛፍ የኔስታ ዘመዶች ነው፣ የሚጠጣው ውሃ እንኳ ምንጩ የነሱ ነው። የራሱ የሆነው መጋዙ ብቻ ነው። እሱንም ያመጣው ወጣት ሳለ ከሠራበት የዛፍ ቆራጮች ካምፕ ነው። ኩባንያው የሚፈልገውን ቆርጦ፣ መርከቡን ጭኖ ሲሄድ ካምፑ ውስጥ የቀረው ጭቃ፣ ዝገትና ይህ መጋዝ ነበር። ጓደኞቹ የመጨረሻ ደሞዛቸውን ይዘው ከተማ ወረዱ። ካስፐር በደሞዙ ፈንታ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ተራራውን በእግሩ ተሻገረ። ያኔ ሞኝ ነው ተባለ። መንደራችን ከደረሰ በኋላ ግን ሞኝ ነው ያሉት ሁሉ ተራ በተራ ቤት አሠሩት።

መጋዙ የግቢ ቅርንጫፍ ለመከርከም የተሠራ ዓይነት አይደለም፤ ከማለዳ እስከ ማታ ጫካ ውስጥ እንዲውል የተሠራ ነው። ታንኩ ሲሞላ ክብደቱ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያህላል። ምላሱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ረጅሙ ብረት፣ ከአክስት ሂልዳ ምላስ ትንሽ ቢያጥር ነው። ቫሳ የምንለው ዛፍ አለ፤ ምስማር የሚያጣምም፣ መጥረቢያ አንጥሮ የሚመልስ እንጨት ነው። ያ መጋዝ ቫሳው ውስጥ ሲገባ የበሰለ ጎደሬ ውስጥ የገባ ቢላ ይመስል ነበር። ድምፁን ከሩቅ የሰማ ሰው "ዛሬ ማን ቤት ሊሠራለት ነው?" ይል ነበር እንጂ "ምንድን ነው?" የሚል አልነበረም።

ስለ አያያዙ የተወራው ሌላ ነው። አልጋው ሥር ያስተኛዋል፣ ሲዘንብ ሸራ ያለብሰዋል፣ የኔስታን የጥርስ ብሩሽ ወስዶ የአየር ማጣሪያውን ያጥብበታል ይባላል። የብሩሹ እውነት ነው። የቀረው ግን ፍቅር አልነበረም፤ ሌላ መጋዝ እንደማይመጣ ያወቀ ሰው ጥንቃቄ ነው። ቤንዚን በሞላ ቁጥር ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ የሰንሰለቱን ጥርሶች አንድ በአንድ በሞረድ ይስላል፤ ቸኩለህ ብትቆም እንኳ ቀና ብሎ አያይህም። የሚያየው ሰጋቱራውን ነው። ሰጋቱራው ስንጥር ስንጥር እያለ ከወጣ ይቀጥላል፤ ዱቄት መሆን ሲጀምር ወዲያው ያቆማል፤ ጥርሱ ዶልዱሟልና። ሲያቆምም ቀጥ አድርጎ አያጠፋውም። ሩጫ ጨርሶ እንደመጣ ሰው በዝግታ እየተነፈሰ እንዲበርድ ይተወዋል፣ ከዚያ ነው የሚያጠፋው። አሸዋ ላይ አስቀምጦት አያውቅም። ኮኮናት ቁረጥልኝ ብሎ የመጣን ሰው ሰላምታም አይሰጠውም፤ የኮኮናት ግንድ ብረት ይበላል ባይ ነው።

ጣውላ የሚያወጣው ደግሞ ያለ ምንም ማሽን፣ በዓይኑና በክንዱ ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን ዱቄት በውሃ ይበጠብጣል፣ ገመድ ይነክርበታል፣ አንዱን ጫፍ ኔስታ ትይዛለች፣ አንዱን እሱ፤ ግንዱ ላይ ወጥረው መሃሉን ብድግ አድርጎ ሲለቀው ጠጥ! ጥቁር መስመር ይቀራል። ከዚያ ግንዱ ላይ ይወጣና ያንን መስመር እየተከተለ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጋዝ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ቀላል የሚመስለው ይሞክረው። የመንደሩ ጎረምሶች ቅርንጫፍ መቁረጥ አያቅታቸውም፤ መስመር መከተል ግን "ካስፐር እያለ ምን አደከመን" ብለው ትተውታል። ሲሄድ አይተን አድንቀናል፤ ተማር ያለንም ተማሪ የሆነም የለም።

የቤተ ክርስቲያኑን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የአስተማሪዎቹን ቤት ጣውላ ሁሉ በዚህ መንገድ ሰነጠቀ። የሱና የኔስታ ቤት ግን በሳጎ ዘንባባ ቅጠል የተከደነ ቤት እንደሆነ ቀረ። ቅጠሉስ ደግ ነበር። ወለሉ ነው ችግሩ። ቤቶቻችን በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ወለሉ ቀርከሃ ነው፣ ሲያረጅ አያስጠነቅቅም። አንድ ቀን ኔስታ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዛ ስትሻገር እግሯ እስከ ጉልበቷ ገብቶ ቀረ። ከታች ያሉት አሳማዎች ስኳር ድንቹን በሉ፤ ካስፐር ከላይ ይጎትታታል። ያን ቀን የቫሳ ወለል ማለላት።

ምሏልና ሰነጠቀ። ጣውላውን ቤቱ ሥር ደርድሮ እንዲደርቅ ተወው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሣጥኑ በዚያው ቀን ነው የሚሠራው፤ ሙቀቱ አያስጠብቅም። እርጥብ ጣውላ ደግሞ ለሣጥን አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ይጣመማል። የደረቀ ጣውላ ያለው ማን ነው? ካስፐር። በመጀመሪያ አሮጌው አስተማሪ ሞቱ። ቁመታቸው ረጅም ነበር፤ ግማሹን ክምር ይዘው ሄዱ። ካስፐር ሌላ ሰነጠቀ። የዘማሪዎቹ መሪ ሞተ፤ እሱ ደግሞ አጭር ግን ሰፊ ነበር። ካስፐር ሌላ ሰነጠቀ። ሞት ያረፈበት ቤት ሰው ሲልክ ጎንበስ ብሎ የሚገባው የመልእክተኛው ጭንቅላት ገና ሳይታይ ኔስታ፣

"ውሰዱ። ከታች ነው ያለው" ትላለች።

ማን እምቢ ይላል? ዛፉ የዘመዶቿ ነው፤ ሟቾቹም ዘመዶቿ ናቸው። አንድ ጊዜ ከቀብር ስንመለስ አክስት ሂልዳ ካስፐርን ለማጽናናት፣

"አይዞህ፣ እኔም ስሞት አንተ ጣውላ ላይ ነው የምተኛው" አለችው።

"ቆይ እንጂ አክስቴ" አለ ካስፐር፣ "ኔስታ በቁሟ አንድ ቀን ትርገጠውና ከዚያ ትተኚበታለሽ።"

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ፈገግ አላለም፤ ላቡን ጠረገና ቀድሞን ሄደ።

በዚህ መካከል እጁ መሞት ጀመረ። መጋዙ ይንቀጠቀጣል፤ ስንት ዘመን ሙሉ ያ መንቀጥቀጥ በጣቶቹ በኩል ሲገባበት ኖሯል። በመጀመሪያ በዝናብ ቀን ጣቶቹ ከጫፋቸው ነጡ። ከዚያ በፀሐይም ነጡ። ኩባያ ይዞ ኩባያው መውደቁን የሚያውቀው ድምፁን ሲሰማ ሆነ። የእሑድ ሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ኔስታ ናት፤ ይህንንም አክስት ሂልዳ በመስኮት አይታ "በስተርጅና እንዴት ያለ ፍቅር ነው የያዛቸው!" ብላ አወራችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጣቶቹን አገላብጣ አየች፣ በመርፌ ጫፍ ነካካችው፣ አልተሰማውም።

"መጋዙን ታቆማለህ አጎቴ" አለችው።

"አንድ ግንድ ይቀረኛል።"

"እጅህ ግንድ አይቆጥርልህም።"

"አንድ ብቻ ነው ያልኩሽ" አለና ወጣ።

እውነቱን ነው፤ አንድ ነበር። ጫካ ውስጥ ትልቅ ቫሳ ጥሎ ነበርና ለወለሉ ይበቃል። በዚህኛው ላይ ብልሃት አስቧል፦ ግንዱ ተሰንጥቆ እንዳለቀ ጣውላውን እርጥቡን አምጥቶ፣ ሳያደርቅ፣ በዚያው ቀን ወለሉ ላይ ሊቸነክረው። አክስት ሂልዳ ሰምታ መጣች።

"እርጥብ ጣውላ ቸንክረህ? ሲደርቅ ይሸሻል፣ በመሃሉ ድመት ያስገባል!"

"ያስገባ።"

"እንዴት ያስገባ?"

"የተቸነከረ ጣውላ ነቅሎ ሣጥን የሚሠራ የለም አክስቴ። ድመቷም ትግባ፣ ወለሉ ግን ይቀመጥልኝ።"

በጠዋት እየሄደ፣ ትንሽ እየቆረጠ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ እያሞቀ፣ ደግሞ እየቆረጠ ግንዱን እስከ ግማሹ አደረሰው። ከዚያ የኔስታ ታላቅ ወንድም ሃድሰን መጣ።

አማች ማለት በኛ ዘንድ ስሙ የማይጠራ፣ ፊት ለፊት የማይታይ፣ የማይወቀስና የጠየቀው የማይከለከል ሰው ነው። ሃድሰንና ካስፐር እርስ በርስ ይከባበራሉ፤ ከመከባበራቸው የተነሳ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ወግ ሲይዙ ኔስታ መሃል ትቀመጣለች፣ ነገሩ ሁሉ በሷ በኩል ያልፋል። ያን ዕለት ሃድሰን ደረጃው ታች ተቀመጠና ፊቱን ወደ ኮኮናቱ አዞረ።

"ኔስታ፣ ሰውየው ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ነኝ በያቸው" አለ ካስፐር፣ ለዶሮዎቹ።

"ትልቁ ዛፍ ወድቆ የጀልባ መቆሚያውን ዘግቶታል። ሊጎበኙን የሚመጡት ጳጳስ ደግሞ የሚወርዱት በዚያ ነው። አዝለን ልናሻግራቸው ነው ወይ በያቸው።"

"ጳጳሱ ከባድ ናቸው ወይ በያቸው።"

"ይሄንን አላቀብልም" አለች ኔስታ።

ሃድሰን ሳቁን በሳል ዋጠው። "መጋዙን ለነገ ያውሱኝ በያቸው። እሳቸው እንዳይመጡ። እጃቸውን ሰምቻለሁ፤ ይረፉ። እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ።"

አለመስጠት የሚባል ነገር የለም፤ ካስፐር ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነው።

"ቤንዚን ግን የለኝም በያቸው። ጀሪካኔን ግንዱ ጨርሶታል።"

"ቤንዚንማ ሞልቶኛል!" አለ ሃድሰን ደረቱን ነፍቶ። "ለአዲሱ ሞተሬ ከዋና ከተማው ከሆኒያራ ያስመጣሁት አለ። ንጹሕ ነው፤ ምንም ያልገባበት በያቸው።"

መንደራችን ውስጥ የጀልባ ሞተር ከመጣ ጀምሮ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን አይተን አናውቅም ነበር። የድሮዎቹ ሞተሮች ቤንዚናቸውን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ካላገኙ አይሆንላቸውም፤ መጋዙም እንደነሱ ነው። ስለዚህ ከማንም ጀሪካን ቀድተህ መጋዙ ውስጥ ብትጨምር አትሳሳትም፤ ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። የሃድሰን አዲስ ሞተር ግን ዘይቱን በሌላ አፉ፣ ቤንዚኑን በሌላ አፉ የሚጠጣ ነው። ወሩን ሙሉ ሲፎክርበት ስለከረመ ካስፐርም ያውቃል። ከጀሪካኑ የሚቀዳው ቤንዚን ደረቅ መሆኑን ያውቃል።

አፉን ከፈተ። ዶሮዎቹን አየ። አማቹን "ዘይት መቀላቀል ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ፣ በሚስት በኩልም ቢሆን፣ "አንተ የማታውቅ ሰው ነህ" ማለት ነው። ያውም ውለታ ሊውልለት የመጣን አማች፣ ያውም በአማቹ መሬት ላይ እየኖሩ።

"ምን ልትል ነበር?" አለችው ኔስታ።

"ምንም። ሰንሰለቱን እንዳያላሉት በያቸው።"

በነጋታው ካስፐር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። እኔም መረቤን እየጠገንኩ አጠገቡ ነበርኩ። መጋዙ ከባሕሩ ዳር ተነሳ፤ ድምፁ ደኅና ነበር። ግንዱ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ።

"አማችህ ጎበዝ ናቸው" አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መቅጠን ጀመረ። እንደ ትንኝ ሆነ። ካስፐር ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ወረደ፣ ቆመ። ሮጦ ሄዶ መጋዙን ከአማቹ እጅ መቀማት ነበረበት፤ ይህ ደግሞ የማይደረግ ነው። ድምፁ አንዴ ጮኸና ተቆረጠ። እንደ ወትሮው ቀስ እያለ አልበረደም፤ ክር እንደበጠሱት ቆመ።

"ነከሰ" አለ ካስፐር፣ ተመልሶም ተቀመጠ። ፒስተኑ ቅባት አጥቶ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል ማለቱ ነው።

ሃድሰን ሲመጣ መጋዙን በሸሚዙ ጠቅልሎ እንደታመመ ልጅ አቅፎት ነበር። ደረጃው ላይ አኖረው። ካስፐር የማስነሻ ገመዱን በዚያች በማይሰማት እጁ ሳበ፤ ገመዱ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ሳበ። ግቢው ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁሉ ተጠጋን። አማች አይወቀስም፤ ስለዚህ ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉተን ነበር።

"ደክሞት ነው በያቸው" አለ።

ሃድሰን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በማግሥቱ እንደ ወጉ አሳማ አስሮ አመጣ፣ ምንጣፍ አመጣ፣ ጎደሬ በቅርጫት አመጣ። ካስፐር አሳማውን አየው፤ አሳማው ካስፐርን አየው፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደደከመው መለየት ያስቸግር ነበር። ካስፐር ስጦታውን ተቀበለ፣ ግማሹን እንደ ወጉ መለሰ፣ ነገሩ ታጠበ። አማችነት ዳነ። መጋዙ ግን አልዳነም።

እዚህ ላይ ስለ መንደራችን ደግ ነገር መናገር አለብኝ። ሁሉም ደነገጠ። ድንጋጤው ለካስፐር ነው ወይስ ለራሱ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። አንዱ የቤቱ ግድግዳ ግማሽ ላይ ቆሞበታል፤ አንዱ ለልጁ ሠርግ ወጥ ቤት አስቧል፤ አክስት ሂልዳ የእናቶቹን ማኅበር አዳራሽ ሕልም አልማለች። ያለው አዋጣ፣ የሌለው ኮኮናት አድርቆ ሸጠ፣ ሃድሰን መጋዙን በመርከብ ይዞ ሆኒያራ ወረደ። እሱ እስኪመለስ የዝናቡ ወራት ገባ። የኔስታ ግንድ ግማሹ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ እንደተጋደመ ጫካ ውስጥ ዝናብ ይመታው ጀመር። ቫሳ ስለሆነ አይበሰብስም፤ ይጠብቃል። ኔስታ የቀርከሃውን ቀዳዳ በአሮጌ በር ሸፍናው ዙሪያውን ትሄዳለች። በእንግድነት ለመጣ ሁሉ "እዚያ ጋ እንዳትረግጥ" ማለት ሰላምታዋ ሆነ።

ካስፐር በነዚያ ወራት ሙሉ ለሙሉ አረፈ። እረፍት ያድነዋል ብለን ነበር። እኔ ሄጄ ሳየው ሞረዱን ይዞ ለመጨበጥ ይለማመድ ነበር፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ግን ሞረዱ ሾልኮ ይወድቃል። ኔስታ ታነሳና ትሰጠዋለች፤ ደግሞ ይወድቃል።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"ሲሠራ ነበር የሚያስረሳው" አለኝ። "ቁጭ ካልኩ ወዲህ ጭራሽ የኔ አይደለም።"

ይህን ለማንም አላወራሁም። በሕይወቴ ያላወራሁት ብቸኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም ይሆናል ማንም ያላወቀው።

ሃድሰን የተመለሰው ቅዳሜ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መጋዙ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ተወልውሎ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቅ ነበር። ሃድሰን ፊቱን ወደ ደወሉ አድርጎ፣

"ኔስታ፣ ለሰውየው ንገሪልኝ" አለ። "የሆኒያራው ባለሙያ ፈትቶ ሲያየው ማመን አቃተው። ክራንኩ ደኅና፣ ኩሽኔታው ደኅና፤ እንዲህ ተይዞ የኖረ መጋዝ አላየሁም አለ። ፒስተንና ሲሊንደሩን ብቻ ነው የቀየረው። ይሄ መጋዝ ገና ሌላ ሰው ያስረጃል አለ በያቸው።"

ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ ቀለጠ። ሃድሰን ዘይት የተቀላቀለበትን ጀሪካን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ፤ ሕዝቡ እንደገና ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ቀድቶ ሞላ፣ ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ተነሳ። ያ የምናውቀው ድምፅ ነው። አንዳንድ ሰው እንባ እንባ አለው።

"መጀመሪያ አዳራሹ!" አለች አክስት ሂልዳ።

"የኔ ግድግዳስ? እሷ ሁልጊዜ መጀመሪያ!"

"ጩኸት ነው እንጂ ወረፋ አታውቁም" አለ የትምህርት ቤቱ ሰው፣ "ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚማሩት።"

"አንተ ደግሞ፣ ልጆቹ መሬት ላይ መሆናቸው ዛሬ ታየህ?"

ሃድሰን መጋዙን ሞተሩ በዝግታ እየተነፈሰ ሳለ አንስቶ፣ ራሱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በሁለት እጁ ለአማቹ ዘረጋለት። ካስፐር ተቀበለ። የኋላውን እጀታ ያዘ፤ የፊተኛውን ሊይዝ ግራ እጁን አመጣ። ጣቶቹ ነጭ ነበሩ። እጀታውን ከበቡት እንጂ አልጨበጡትም። የመጋዙ ምላስ ወደ ምንጣፉ አዘነበለ። ኔስታ ዘላ ከሥር ያዘችለት፣ አብረው አስቀመጡት። ጭቅጭቁ ከዳር ወደ መሃል እየቀነሰ መጣና ቆመ። መጋዙ ብቻ ምንጣፉ ላይ ሆኖ ይተነፍሳል።

ካስፐር እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ጎንበስ ብሎ በሌላው እጁ ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ዙሪያውን አየን፤ እያንዳንዳችንን፣ ከጎረምሶቹ ጀምሮ እስከ ሽማግሌዎቹ። አማቹን እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየው። ያኔ ነው እንዲህ ያለው፦

"ተመስገን፣ መጋዙስ ድኗል። የኔስታ ግንድ ግማሹ ሳይሰነጠቅ ጫካ ውስጥ ነው። መጋዙን ማን ይያዘው?"